ማቻ ሞቺ ቤት ውስጥ የተሳካላችሁ አላችሁ? እኔን ሁለቴ ጉድ ሠርቶኛል

ጀበና_በእጄ (ሲልቨር ስፕሪንግ) | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ጾም ከገባ ወዲህ ለቡና ቁርስ የሚሆን ጣፋጭ ፍለጋ ላይ ነኝ። ቆሎው ሰለቸን። ልጄ ጓደኛዋ ቤት አረንጓዴ ሞቺ በልታ መጣችና «እማ፣ ወተትም እንቁላልም የለውም እኮ፣ የጾም ነው» አለችኝ። አየሁት፣ እውነቷን ነው። የሩዝ ዱቄት፣ ስኳር፣ ውሃ፣ ማቻ የሚሉት የጃፓን አረንጓዴ ሻይ ዱቄት። ውስጡ በስኳር የተቀቀለ ቀይ ቦሎቄ መሳይ ነገር። ይሄማ ምን ያቅታል ብዬ ገባሁበት።

የመጀመሪያው ዙር፦ ከእስያ ገበያ የሩዝ ዱቄት ገዝቼ ሠራሁ። እንደ ማስቲካ ይሳባል ሲባል ሰምቼ ነበር። የኔው ገና ስጠቀልለው ተሰነጣጠቀ። ስቀምሰው ትናንት የተረፈ ገንፎ፣ በስኳር።

ሁለተኛው ዙር፦ ሌላ ዱቄት ገዛሁ። ይሄኛው ተሳበ! ግን ተሳበና ከእጄ አልላቀቅ አለ። ቀለበቴን ያወጣሁት በሳሙና ነው። እንደ ምንም አድበልብዬ ፍሪጅ ከተትኩት። ጠዋት ሳወጣው ድንጋይ። ቀለሙም አረንጓዴነቱ ቀርቶ ያደረ ጎመን መስሏል።

የት ጋ ነው የሳትኩት? እስከ ሚቀጥለው እሑድ ማስተካከል አለብኝ፣ እንግዳ ጠርቻለሁ።

---

የቦሌ_ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:58

እህቴ፣ ዳቦ ቆሎ ምን በደለሽ? ገዝተሽ አትገላገይም?

---

ጀበና_በእጄ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:05

አንዷ ፍሬ ስንት ብር እንደምትሸጥ ብታውቅ እንዲህ አትልም። ደግሞ አሁን እልህ ይዞኛል።

---

ካትሱሺካ_ነኝ (ቶኪዮ) | እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:20 በኛ ሰዓት

እልሁን ወድጄዋለሁ፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። የምኖረው ቶኪዮ ካትሱሺካ ነው፤ እዚህ ሰፈር ሐበሻ ብዙ ነን። የባለቤቴ እናት ጃፓናዊት ናቸው። ሞቺ የተማርኩት ከሳቸው ነው። እኔም መጀመሪያ ላይ እንዳንቺ ተለጣጥፌያለሁ።

ዱቄቱን እንለይ። ግማሹ ችግር እዚያ ነው። ጃፓን ውስጥ በየቀኑ የሚበላው ሩዝ አለ፣ ሌላ ሞቺጎሜ የሚባል ተጣባቂ ሩዝ አለ። ሞቺ የሚሆነው ሞቺጎሜ ነው። ከሱ ሁለት ዓይነት ዱቄት ይወጣል። ሞቺኮ ደቃቅ ነው፣ እንደ ማንኛውም ዱቄት። ሺራታማኮ ደግሞ ሩዙን ከውሃ ጋር ፈጭተው፣ የዘቀጠውን አጥልለው ያደረቁት ነው። እሽጉን ስትከፍቺው ዱቄት ሳይሆን የተሰባበረ ጠመኔ ነው የሚመስለው። ውሃ ሲነካው ይሟሟል። አማቴ ከሺራታማኮ ሌላ አይነኩም፤ ይበልጥ ይለሰልሳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ጆሺንኮ የሚል ካየሽ ግን እለፊው። እሱ ከተራው ሩዝ የተፈጨ ነው።

አሜሪካ ከሆንሽ፣ ሰማያዊ ኮከብ ያለበት ነጭ ሳጥን የካሊፎርኒያ ሞቺኮ ነው፣ ያስተማምናል። የታይላንዱ ባለ ሦስት ራስ ዝሆን ያለበት ከረጢትም ይሠራል። እሱን ስትገዢ ቀለሙን እይው። አረንጓዴ ጽሑፍ ያለው ተጣባቂው ነው። ቀይ ጽሑፍ ያለው ተራ የሩዝ ዱቄት ነው።

እሽጉ ላይ «ግሉቲነስ» የሚል ብታይ አትደንግጪ። መጣበቁን ለመግለጽ ነው እንጂ ግሉተን የለበትም።

---

ጀበና_በእጄ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:31

ቀዩን ነው የገዛሁት!! አሁን ጓዳ ገብቼ አየሁት። ባለ ሦስት ራስ ዝሆን፣ ቀይ ጽሑፍ። ወይ ጉድ።

---

ሊጥ_መርማሪ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5:10

የምግብ ሳይንስ ነው የተማርኩት፣ ትንሽ ጣልቃ ልግባ።

ስታርች ሁለት ነገር ነው። አንዱ አሚሎስ፣ ቀጥ ያለ ክር። ሌላው አሚሎፔክቲን፣ እንደ ግራር ቅርንጫፉ የበዛ። ተራ ሩዝ ውስጥ አሚሎሱ እንደ ዘሩ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ ከስታርቹ 20 በመቶ ግድም ነው። ተጣባቂው ሩዝ ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሞቺን የሚለጥጠው ያ ቅርንጫፍ እርስ በርሱ መያያዙ ነው። ቀጥ ያለው ክር ሲበዛ ሲቀዘቅዝ ቶሎ ይደረደርና ይጠነክራል። የመጀመሪያው ዙርሽ ለዚያ ነው የተሰነጠቀው።

ድንጋዩን በተመለከተ ጥፋተኛው ፍሪጁ ነው። እንጀራ ፍሪጅ ሲያድር እንዴት እንደሚሆን አይተሻል አይደል? ያው ነው። ስታርች ከዜሮ ትንሽ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ ነው ቶሎ የሚደርቀው። ሞቺ በዕለቱ ይበላል፣ ካልሆነ በቀጥታ ፍሪዘር ይገባል። ስኳሩም ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ውሃውን ይዞ ማድረቁን ያዘገያል። ስኳር ቀንሰሽ ነበር?

---

ጀበና_በእጄ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5:22

በግማሽ። እናቴ ስኳር አለባት ብዬ።

---

ካትሱሺካ_ነኝ | እሑድ፣ ከቀኑ 7:05 በኛ ሰዓት

እንግዲያ ከሙሉ ስኳሩ ጋር ሠርተሽ ለእናትሽ ግማሽ ፍሬ ስጪያቸው። ግማሽ ስኳር ያለው ሙሉ ፍሬ ከምትሰጪያቸው ይሻላል።

መጠኑ ይኸው። ለ8 ፍሬ፦ ሺራታማኮ ወይም ሞቺኮ 100 ግራም፣ ስኳር 50 ግራም፣ ውሃ 150 ሚሊ ሊትር፣ ማቻ 2 ግራም (ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ)። ለውስጡ አንኮ (ያ በስኳር የተቀቀለው ቀይ ሙሌት) 200 ግራም።

ማቻውን ውሃው ላይ እንዳትጥዪው። ይጓጉላል፤ ከዚያ ብታሺው ብታሺው አይለቅም። መጀመሪያ ማቻውንና ስኳሩን ደረቁን ቀላቅለሽ በሻይ ወንፊት ንፊው። ስኳሩ ዱቄቱን ይለያየዋል። ከዚያ የሩዝ ዱቄቱን ጨምሪ፣ ውሃውን በትንሽ በትንሹ። ሊጥ አይደለም የሚሆነው፣ ቀጠን ያለ የአነባበሮ ቡሆ ነው የሚመስለው። አትደንግጪ።

ማይክሮዌቭ ካለሽ፣ የመስታወት ሳህን ላይ ላላ አድርገሽ ከድነሽ 1 ደቂቃ። አውጥተሽ በረጠበ ማማሰያ አማስዪው። ዳር ዳሩ ረግቶ መሃሉ ፈሳሽ ነው። ሌላ 1 ደቂቃ፣ እንደገና ማማሰል። አሁን ክንድ ይጠይቃል፣ ልክ እንደ ገንፎ። ከዚያ 30 ሰከንድ፣ ካስፈለገም ሌላ 30። መብሰሉን ሰዓት አይነግርሽም፣ ዓይንሽ ነው። ጥሬው እንደ ጠመኔ ድፍን ነው፤ ሲበስል ብርሃን ያሳልፋል፣ ያብለጨልጫል፣ ማማሰያውን ስታነሺ ተከትሎሽ ይመጣል። ነጭ ነጭ ነገር ከቀረበት አልበሰለም። የተጣበቀብሽ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ምክንያት ዱቄት መሰሰት ነው። ጠረጴዛው ላይ ካታኩሪኮ፣ ማለት የድንች ስታርች፣ በደንብ ነስንሺ። አማቴ ሲነሰንሱ ብታይ በረዶ የጣለ ነው የሚመስልሽ። ከሌለ ኮርን ስታርች። እሱን ግን ድስት ላይ ሳይጠቁር ትንሽ ቆላ አድርጊው፣ ጥሬ ጥሬ የሚል ጣዕሙ ይጠፋል። ትኩሱን ሞቺ እዚያ ላይ ገልብጪ፣ ከላይም ነስንሺ፣ 8 ቦታ ቁረጪ። ቀለበትሽን አስቀድመሽ አውልቂ!

አንዱን በመዳፍሽ ጠፍጥፊ። ጠርዙ ሳሳ፣ መሃሉ ወፈር ይበል። አንኮውን መሃል አስቀምጪና ጠርዙን ሰብስበሽ ቆንጥጪው፣ እንደ ሳንቡሳ ሳይሆን እንደ ከረጢት አፍ። የተቆነጠጠው ወደ ታች። መሃሉን ሳያወፍሩ የጠፈጠፉት ሁሉ አናቱ ላይ ይቀደዳል። እኔ ስንቱን ቀድጃለሁ። አንኮውን አስቀድመሽ እያንዳንዱን 25 ግራም አድበልብለሽ ፍሪዘር ውስጥ 20 ደቂቃ ካቆየሽው ሥራው ግማሽ ይቀላል። ሞቺው እንዳይበርድብሽ ግን ፍጠኚ፤ ከበረደ አልገጥምም ይላል።

እንዲህ ውስጡ የተሞላው ዳይፉኩ ነው የሚባለው፤ ሞቺ ጥቅል ስሙ ነው። ይሄን ያህል ትግል ካልፈለግሽ ደግሞ ሺራታማ ዳንጎ አለልሽ። ሺራታማኮውን በጥቂት ውሃ አሽተሽ ኳስ ኳስ አድርገሽ የፈላ ውሃ ውስጥ መጣል ነው። ሲንሳፈፍ ሌላ 2 ደቂቃ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ። የሊጡን ልክ ጃፓኖች በጆሮ ነው የሚናገሩት፦ እንደ ጆሮ ጫፍ ይለስልስ። አማቴ በአንድ እጃቸው ሊጡን፣ በአንድ እጃቸው ጆሯቸውን ይዘው ሲያመዛዝኑ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጸሎት መስሎኝ ዝም ብዬ ቆሜያለሁ።

---

አዲስ_ከማብሰያ_ቤት (አዲስ አበባ) | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3:15

እኛ ጋ ዱቄቱ እንደልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። እኔ የሞከርኩትን ልንገራችሁ፣ ሳቁብኝ። በቡላ ሠራሁ።

እንዴት አልሞክር? ቡላ ገንፎ ያብለጨልጫል፣ ይንቀጠቀጣል። ስኳርና አረንጓዴ ሻይ ጨምሬ አገነፋሁት። ትኩሱን ሲቀምሱት ይጣፍጣል፣ አልዋሽም። ግን አይሳብም። ሲበርድ እንደ ጄሊ ተቆረጠ። አንኮ ልጠቀልልበት ብል ተሰበረ። ሻዩም ከከረጢቱ ቀድጄ የፈጨሁት ስለነበር ጥርስ ላይ ኮሸ ኮሸ ይላል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንድ፣ የከረጢት አረንጓዴ ሻይ በደንብ ቢፈጭ ማቻ አይሆንም? ሁለት፣ በአዙኪ (አንኮ በሚሠራበት በጃፓኑ ቀይ ቦሎቄ መሳይ) ፋንታ የኛን ቦሎቄ ብጠቀም? ደግሞ ማይክሮዌቭ የለኝም፤ ቢኖረኝም መብራቱን እናንተ ታውቁታላችሁ።

---

ሊጥ_መርማሪ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3:50

ቡላው ያልተሳበው እዚያው የአሚሎሱ ጉዳይ ነው። እንሰት ስታርች ውስጥም አሚሎስ አለ፣ ስለዚህ ይረጋል እንጂ አይለጠጥም። ግን ሙከራሽን ወድጄዋለሁ። ስሙን ቀይሪና ሌላ ጣፋጭ ነው በይው።

---

ካትሱሺካ_ነኝ | እሑድ፣ ከቀኑ 10:30 በኛ ሰዓት

ቡላ ላይ በጣም ሳቅሁ፣ ይቅርታ። እኔም እዚህ ቡላ ሲያምረኝ ሞቺ ነው የምበላው!

ሻዩ አይሆንም። ማቻ የተፈጨ አረንጓዴ ሻይ ብቻ አይደለም፣ አበቃቀሉም ይለያል። ሊለቀም ሦስት ሳምንት ግድም ሲቀረው ተክሉ ላይ ጥላ ይዘረጋበታል። ፀሐይ ሲያጣ ቅጠሉ አረንጓዴነቱን ያጠነክራል፣ ምሬቱ ይቀንሳል። ከዚያ በእንፋሎት ተመትቶ ይደርቃል፣ ግንዱና ጅማቱ ይወጣል። የቀረው ቴንቻ ይባላል። እሱን ነው በድንጋይ ወፍጮ የሚፈጩት። አንድ ወፍጮ በሰዓት የሚያወጣው 40 ግራም አካባቢ ብቻ ነው፤ ቢቸኩሉ ድንጋዩ ይግልና ሻዩ ይቃጠላል። ስማቸው የሚጠራው የኪዮቶው ኡጂና የአይቺው ኒሺዮ ናቸው። ዋጋው ይገባሻል አሁን። ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ዓለም ሁሉ ማቻ ጠጪ ሆኖ አንዳንድ የኪዮቶ ሻጮች ለአንድ ሰው የሚሸጡትን እስከ መገደብ ደርሰዋል። ስለዚህ ለሞቺ ውዱን አትግዙ። ለማብሰያ የሚባለው ይበቃል፣ እንዲያውም ጠንከር ያለ ምሬቱ ከስኳሩ ጋር ይስማማል።

@ጀበና_በእጄ የቀለሙ ነገር ይሄው ነው። ማቻ ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ይጠላል። ከተከፈተ ወራት ያለፈው ቡናማ ይሆናል፣ የደረቀ ሣር ይሸታል። ትንሽ ቆርቆሮ ገዝተሽ ገጥመሽ ፍሪጅ አስቀምጪ። ስታወጪው ደግሞ ሳይሞቅ አትክፈቺው፣ ጤዛ ይገባበታል።

አዲስ፣ በእንፋሎት አድርጊው። ድሮም እንዲያ ነው። ትልቅ ድስት ውሃ፣ ከላይ መቀቀያ ወንፊት፣ እዚያ ላይ ሳህኑ። ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዪው፣ አለዚያ ላቡ ይንጠባጠብና ያቀጥነዋል። 15 እስከ 20 ደቂቃ፣ መሃል ላይ አንዴ ማማሰል። ከሰልም ይሠራል።

ቦሎቄውም ይሆናል። ጃፓኖች ራሳቸው ሺሮአን የሚሉት ነጭ ሙሌት አላቸው፣ ከነጭ ቦሎቄ ነው የሚሠራው። ማቻ ከሱ ጋር እንዲያውም ይበልጥ ይጎላል። ሌሊቱን ዘፍዝፊ፣ ውሃውን ለውጪ፣ በደንብ አፍልተሽ ቀቅዪ። በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ። ስኳሩን እሱ ሳይፈርስ እንዳትጨምሪ! ቀድሞ ስኳር ያየ ቦሎቄ ከዚያ ወዲያ አይበስልም። አዙኪ ከሆነ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፤ የመጀመሪያውን ፍል ውሃ መድፋት ብቻ ነው፣ አፍ የሚጨብጥ ጣዕሙ እንዲወጣ።

---

እማማ_ቢሾፍቱ | እሑድ፣ ከቀኑ 8:00

ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። የልጅ ልጄ ነው ይህን የሚያነብልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄ የሚሳበው ነገር ጉሮሮ አይዝም ወይ? ለሽማግሌ ይሰጣል?

---

ካትሱሺካ_ነኝ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:40 በኛ ሰዓት

እማማ፣ እንዴት ነዎት? እርስዎ ባይጠይቁ ሳልናገረው አልፌ ነበር።

ይይዛል። እዚህ በአዲስ ዓመት ሞቺ በሾርባ ይበላል። ታዲያ የቶኪዮ እሳት አደጋ በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ በደንብ አኝኩ፣ ሽማግሌ ብቻውን አይብላ ይላል። ታንቀው ሆስፒታል የሚገቡት አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው፣ የሚሞትም አለ። አማቴ 78 ዓመታቸው ነው፤ በመቀስ እንደ ባቄላ አሳንሰው ቆርጠው ነው የሚበሉት፣ መጀመሪያ ሻይ ጉሮሯቸውን አርሰው። ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ጨርሶ አንሰጥም።

የበዓሉ ሞቺ ግን ከዱቄት አይደለም። ሩዙ በእንፋሎት ይበስልና በሙቀጫ ይወቀጣል። ሙቀጫው ኡሱ፣ መውቀጫው ኪኔ ይባላል። ኪኔው እንደኛ ዘነዘና ቀጥ ያለ አይደለም፣ ትልቅ የእንጨት መዶሻ ነው። አንዱ ይወቅጣል፣ ሌላው በረጠበ እጁ በምት መሃል ሩዙን ያገላብጣል። ምቱን የሳተ እለት ጣት ይሄዳል። አንድ ዓመት ሰፈር ውስጥ ሲወቅጡ መዶሻውን ሰጡኝ። ቡናና በርበሬ ስወቅጥ ያደግሁ ነኝ ብዬ ኮራ ብዬ ገባሁ። ሦስቴ መትቼ አራተኛው የሙቀጫውን አፍ አገኘው፤ ስንጣሪ እንጨት ሩዙ ውስጥ። ማንም ምንም አላለኝም፣ ግን መዶሻውን በትሕትና ተቀበሉኝ።

---

የቦሌ_ልጅ | እሑድ፣ ከቀኑ 9:12

በትሕትና መቀበላቸው ነው የሚያመው።

እኔ ሃዋይ ሄጄ የበላሁት ሞቺ ግን እንደ ኬክ ተጋግሮ ነበር። ያም ሞቺ ነው?

---

ካትሱሺካ_ነኝ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3:30 በኛ ሰዓት

አዎ፣ የሃዋይ ቅቤ ሞቺ ነው። ዱቄቱ ያው ሞቺኮ ነው፣ ግን ቅቤ፣ እንቁላልና የኮኮናት ወተት ይገባበታል፣ በኦቭን ይጋገራል። ለጾም አይሆንም።

እግረ መንገዴን፦ እዚህ አረንጓዴ ሞቺ ሁሉ ሻይ አይደለም። የድሮው አረንጓዴ ዮሞጊ በሚባል ቅጠል ነው የሚሠራው፣ የአሪቲ ዘመድ ነው። በጸደይ ለቅመው፣ ቀቅለው ይወቅጡታል። ሽታው አገሬን ያስታውሰኛል።

---

ጀበና_በእጄ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

ሦስተኛው ዙር! እሑድን አልጠበቅሁም።

ነጩን ሳጥን ገዛሁ። ስኳሩን ሙሉ። ማቻውን ከስኳር ጋር ነፋሁ። ሁለት ጊዜ ካማሰልኩ በኋላ አሁንም ጠመኔ ነገር ይታይበት ነበር፤ የኔ ማይክሮዌቭ ሰነፍ ነው መሰለኝ አንድ ደቂቃ ጨመርኩ። ከዚያ ድንገት አበራ! ማማሰያውን ሳነሳ ተከትሎኝ መጣ። ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። ስታርቹን እንደ በረዶ ነሰነስኩ፤ ወለሉም ጥቁር ሱሪዬም ነጭ ሆኗል። ከ8ቱ 2ቱ አናታቸው ተቀደደ፣ እነሱን ቆመን በላናቸው። ፎቶ አልጫን አለኝ እንጂ 6ቱ ሱቅ የገባ ነው የሚመስሉት።

እናቴን የእማማን ጥያቄ አንብቤላት በቢላ ስምንት ቦታ ቆርጬ በሻይ ሰጠኋት። አንዷን አኘከች። ቆየች። ሌላ አነሳች።

«ገንፎ ነው» አለች። «ጾሙ ሲፈታ በቅቤ ትሠሪልኛለሽ።»

---

የቦሌ_ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:21

እናትሽ ሃዋይ ሳይሄዱ ደርሰውበታል።

---

ካትሱሺካ_ነኝ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:40 በኛ ሰዓት

የቅቤውን አሠራር ለፋሲካ እጽፍልሻለሁ። ንጥር ቅቤ ቢገባበት ምን እንደሚሆን እኔም ሞክሬው አላውቅም። አማቴን ላስፈቅድ።